9 ቅርንጫፍ አለን፤ በአይ-ቢጂፒ ላገናኛቸው ወይስ በኢ-ቢጂፒ?

የጣና ዳር፦

ሰላም ለቤቱ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው ባሕር ዳር አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ነው። አይቲ ክፍል ማለት እኔና አንድ ልጅ ነን፤ ልጁም ግማሽ ቀኑ ፕሪንተር ሲጠግን ያልፋል። ዋናው ቢሮ ፋሲሎ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ሕንጻ አለ፣ በየሕንጻው አንድ ራውተር፣ መሀላቸው የራሳችን ፋይበር። ከዚያ ውጭ 9 ቅርንጫፍ አለን፤ መራዊ፣ ሐሙሲት፣ ወረታ የሩዙ መጋዘን፣ ዘጌ የቡናው፣ እያለ ሐይቁን ዞሮ ጎርጎራ ይደርሳል። የሒሳቡም የመጋዘኑም ፕሮግራም ፋሲሎ ያለው ሰርቨር ላይ ነው። መስመር ሲቆረጥ ወረታ ላይ ገበሬው ሩዙን በጋሪ አምጥቶ ሚዛን ፊት ቆሞ ይቀራል።

ቅርንጫፎቹ የሚገናኙት በኪራይ ቪፒኤን ነው፤ ይሄ ሕንጻ አንድ ራውተር ላይ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ኦፕሬተር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በየቅርንጫፉ 4ጂ ሲም አስገብተን በሱ ላይ የአይፒሴክ ተነል (በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተመሰጠረ መስመር) ዘረጋን። ተነሎቹ የሚያርፉት ሕንጻ ሁለት ራውተር ላይ ነው።

ችግሩ ሁሉም ስታቲክ ሩት፣ በእጅ የተጻፈ መንገድ ነው። የኪራዩ መስመር ሲሞት ሩቱን የማዞረው በእጄ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ላይ ሆኜ ተደወለልኝ። ሱፍ እንደለበስኩ ባጃጅ ይዤ ቢሮ ገባሁ። ሩቱን አዙሬ ስመለስ ሙሽሮቹ ወጥተዋል።

ስለዚህ ቢጂፒ ልናስገባ ነው፤ ራውተሮቹ መንገዱን እርስ በርስ ተነጋግረው ራሳቸው የሚመርጡበት ፕሮቶኮል። አቅራቢው «ኤኤስ ቁጥር ስጡን» አለን፤ ቢጂፒ ላይ አንድ ኔትወርክ የሚታወቅበት መለያ ማለት ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ድርጅቱ አንድ ነው፣ ቁጥሩም አንድ ይሁን፣ ሁሉንም በአይ-ቢጂፒ እሰረው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «አይ-ቢጂፒ አንድ ግቢ ውስጥ ላለ ነው፣ ራቅ ያለው በኢ-ቢጂፒ ነው» ይላል። ጂኤንኤስ3 (ኮምፒውተር ላይ ራውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ሦስት ራውተር በተርታ ደርድሬ በአንድ ቁጥር አገናኘኋቸው። ሴሽኑ (የራውተሮቹ ንግግር) ተነሣ፤ ግን የመጀመሪያው ኔትወርክ ሦስተኛው ጋ አይታይም። የት ነው የተሳሳትኩት? ለኔ ሁኔታስ የቱ ይሻላል?

አሮጌው ራውተር፦

አልተሳሳትክም ልጄ። ላብራቶሪህም ላብህም ከንቱ አልቀረም፤ ያየኸው ትክክለኛ ባሕሪው ነው።

በመጀመሪያ የርቀቱን ነገር እርሳው። ሁለተኛው ጓደኛህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ገብቶ ነው የጠፋው። ራውተሩ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎረቤቴ ኤኤስ ቁጥር ከኔ ጋር አንድ ነው ወይስ ይለያል? አንድ ከሆነ አይ-ቢጂፒ፣ ከተለየ ኢ-ቢጂፒ። ፕሮቶኮሉ ያው ነው፣ ሁለቱም ቲሲፒ ፖርት 179 ላይ ነው የሚያወሩት። አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ራውተሮች ቁጥራቸው ከተለያየ በኢ-ቢጂፒ ነው የሚነጋገሩት። አንዱ ባሕር ዳር ሌላው አዲስ አበባ ሆነው ቁጥራቸው አንድ ከሆነ ደግሞ አይ-ቢጂፒ ነው።

የሚለያዩት ጠባያቸው ላይ ነው። ኢ-ቢጂፒ ሩት ለጎረቤት ሲናገር የራሱን ቁጥር ኤኤስ ፓዙ (ሩቱ ያለፈባቸው ቁጥሮች ዝርዝር) ላይ ይጨምራል፣ ኔክስት ሆፑንም (ትራፊኩ ቀጥሎ የሚላክበትን አድራሻ) «በኔ በኩል ና» ብሎ ወደ ራሱ ይቀይራል። ጎረቤቱም በገመድ ቀጥታ የተያያዘው እንዲሆን ይጠብቃል፤ ቲቲኤሉ (መልእክቱ ስንት ራውተር ድረስ እንደሚሄድ የሚወስነው) በዲፎልት 1 ነው። አይ-ቢጂፒ ከዚህ አንዱንም አያደርግም። ፓዙን አይነካም፣ ኔክስት ሆፑን እንደሰማው ያስተላልፋል። በምትኩ ሎካል ፕሪፈረንስ የሚባለውን (ትልቁ የሚመረጥበት የመንገድ ነጥብ) ይዞ ይሄዳል፤ እሱን ኢ-ቢጂፒ ለውጭ ሰው አይናገርም።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ፓዙ ካልተጨመረ ሩቱ ዞሮ መምጣቱን በምን ታውቃለህ? አታውቅም። ስለዚህ ሕግ ወጣ፤ ከውስጥ ጎረቤት የሰማኸውን ለሌላ የውስጥ ጎረቤት አትናገር። ከመንደር የሰማኸውን ለቤተሰብህ ታወራለህ፣ ከቤተሰብህ የሰማኸውን ግን ለቤተሰብህ መልሰህ አትደግምም፤ እያንዳንዱ በራሱ ጆሮ መስማት አለበት። ሦስተኛው ራውተርህ ያልሰማው ለዚህ ነው። ከመጀመሪያው ጋር ቀጥታ ሴሽን ስጠው፣ ይሰማል።

እዚህ ላይ ሒሳብ ይመጣል። 2 የዋናው ቢሮ፣ 9 የቅርንጫፍ፣ በድምሩ 11 ራውተር። ሁሉም ከሁሉም ሲገናኝ 55 ሴሽን ነው። 20 ብትሆኑ 190። ሩት ሪፍሌክተር የተፈጠረው ይሄን ለማቅለል ነው፤ አንዱን አፈ ቀላጤ ታደርገውና እሱ ለሁሉም ያስተላልፋል። ይሠራል፣ ግን ላንተ የሚያስፈልግህ አይመስለኝም።

ምክንያቱም የጥያቄህ ግማሽ አስቀድሞ ተመልሷል። በኪራይ ቪፒኤን የወረታው ራውተርህ የሚያወራው ከፋሲሎው ጋር አይደለም፤ ከአቅራቢው ራውተር ጋር ነው። እሱ ሌላ ቁጥር ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ኢ-ቢጂፒ ነው፣ አለቀ።

ባጃጅና ኬብል፦

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ጓደኛው ምክር የት እንደሚጥለው ልንገረው፣ ወድቄበት አውቃለሁና።

የድሮ መሥሪያ ቤቴ ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ቁጥር ሰጠን፣ እንበል 65010። ከአቅራቢው ጋር ሴሽኑ በሁሉም ቦታ አረንጓዴ። ደስ አለን፣ ቡና ተፈላ። ከዚያ ከመራዊ ወደ ፋሲሎ ፒንግ፣ የለም። ለምን? የፋሲሎ ሩት በአቅራቢው በኩል መራዊ ሲደርስ ፓዙ ውስጥ 65010 አለበት። የመራዊው ራውተርም 65010 ነው። «ይሄማ የራሴ ቁጥር ነው፣ ዞሮ መጣብኝ» ብሎ ይጥለዋል። ጥፋት የለበትም፣ የተፈጠረው ለዚያ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። ወይ አቅራቢው ኤኤስ ኦቨርራይድ ያደርግልሃል፣ ያንተን ቁጥር በራሱ ይተካዋል። ወይ አንተ በየራውተሩ አላው ኤኤስ ኢን ትላለህ፣ «የራሴን ቁጥር ባየውም ተቀበል» ማለት ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ግን የሉፕ መከላከያህን በገዛ እጅህ እየፈታህ ነው። እኛ አቅራቢው እስኪያስተካክልልን ሁለት ሳምንት ደጅ ጠናን። ባለፈው ዓመት ከዚያ ቤት ለቅቄያለሁ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

አጭሩ፣ ለየቅርንጫፉ የየራሱን ቁጥር ስጠው። ቁጥር አያልቅብህም፤ የግል ኤኤስ ከ64512 እስከ 65534 ነው፣ 1023 ቁጥር። 9 ቅርንጫፍ ቀርቶ በጎጃም ላለ ቀበሌ ሁሉ ብታድል ብዙ ይሄዳል።

ማታ ፈረቃ፦

ይቅርታ ግን ለ9 ቅርንጫፍ ቢጂፒ ምን ያደርጋል? ኦኤስፒኤፍ (ለአንድ ድርጅት ውስጥ የሚሆነውን የሩቲንግ ፕሮቶኮል) አስገባ፣ ተገላገል። ቢጂፒ የኢንተርኔት ነው። በኪራዩ መስመር ላይ አቅራቢው ካስገደደህ እዚያ ላይ ብቻ አድርገው፣ ተነሎቹን በኦኤስፒኤፍ። ሲስኮ ላይ ኢ-ቢጂፒ ዲስታንሱ (ራውተሩ ከሁለት ፕሮቶኮል የሚመርጥበት ነጥብ፣ ትንሹ ያሸንፋል) 20 ነው፣ ኦኤስፒኤፍ 110። ስለዚህ ኪራዩ ካለ በኪራዩ ይሄዳል፣ ከሞተ ወደ ተነሉ ይወርዳል። ምን ታካብዳላችሁ።

እታለም፦

ማታ ፈረቃ፣ ያልከው ሕንጻ አንድ ላይ ልክ ነው። ሕንጻ ሁለት ላይ ይፈርሳል። እየው።

ኪራዩ የሚገባው ሕንጻ አንድ ነው። ሕንጻ ሁለት ያለው ራውተር የወረታን ሩት ከሕንጻ አንድ የሚሰማው በአይ-ቢጂፒ ነው፣ የሱ ዲስታንስ ደግሞ 200 ነው። ከራሱ ተነል በኦኤስፒኤፍ የሚሰማው 110 ነው። የትኛውን ይመርጣል? ተነሉን። ኪራዩ መስመር ደህና እያለ ሕንጻ ሁለት ያሉ ሠራተኞች ወደ ወረታ የሚሄዱት በ4ጂ ይሆናል። ማንም አያስተውለውም፤ ይሠራልና። ወሩ ሳያልቅ ጥቅሉ ያልቃል፣ ያኔ ነው የምትጠሩት።

ማስተካከል ይቻላል፣ ዲስታንሱን መቀየር ነው። ግን ሁለት ፕሮቶኮል ወዲያና ወዲህ ሩት ሲቀባበሉ፣ አንዱ የሌላውን ሩት እንደ ራሱ መልሶ ሲሰጥ፣ ሌሊት ላይ ያን ፈልጎ ማግኘት ለኔ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፉንም ተነሉንም በአንድ ቋንቋ አድርገው እላለሁ።

የጣና ዳር ወንድሜ፣ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ለዋናው ቢሮ 65100። ቅርንጫፎቹ ከ65101 እስከ 65109። ኪራዩ ላይ ከአቅራቢው ጋር ኢ-ቢጂፒ። ተነሉ ላይ ከቅርንጫፍ ወደ ሕንጻ ሁለት ቀጥታ ኢ-ቢጂፒ። ሁለቱ የዋናው ቢሮ ራውተሮች መሀል ብቻ አይ-ቢጂፒ። አይ-ቢጂፒ እዚያ ላይ የግድ ነው፤ የዋናውን ቢሮ ሁለት በር የያዙት እነሱ ናቸው፣ የትኛው በር እንደሚሻል አንድ ላይ መወሰን አለባቸው።

«ድርጅቱ አንድ ከሆነ ቁጥሩም አንድ» የሚል ሕግ የለም። ትልልቅ ዳታ ሴንተሮች አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው በየራኩ ሌላ የግል ቁጥር እየሰጡ በኢ-ቢጂፒ ብቻ ይሠራሉ። አሠራሩ በ2016 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 7938 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ነው) ሆኖ ወጥቷል። ጥያቄው ሉፑን ማን ይጠብቅልኛል ነው። ኢ-ቢጂፒ በፓዙ በነጻ ይጠብቅልሃል።

አሁን አደገኛው ነገር። ምንም ሳትነካ ብትተወው ተነሉ ኪራዩን ያሸንፋል። በኪራዩ ሲመጣ ፓዙ ሁለት ቁጥር ነው፣ የአቅራቢውና የወረታ። በተነሉ ሲመጣ አንድ ነው፣ የወረታ ብቻ። አጭሩ ፓዝ ይመረጣል። ስለዚህ ከኪራዩ ለሚመጣው ሎካል ፕሪፈረንስ 200 ስጠው፣ ተነሉ ዲፎልቱ 100 ላይ ይቆይ። ሎካል ፕሪፈረንስ ከፓዙ በፊት ነው የሚታየው። በአይ-ቢጂፒ ተሸክሞ ወደ ሕንጻ ሁለት ስለሚያልፍ እዚያም ያው ውሳኔ ይሆናል። ወደ ቅርንጫፍ ግን አያልፍም፤ ቅርንጫፉ ላይም ለብቻው ማድረግ አለብህ። እሱን ከረሳኸው ሲሄድ በፋይበር፣ ሲመለስ በ4ጂ ይሆናል፣ መሀል ላይ ፋየርዎል ካለ ግማሹን ይጥለዋል።

እና ፊልተር። ቅርንጫፉ የራሱን ኔትወርክ ብቻ ይናገር። አለዚያ ወረታ የመራዊን ሩት ከአቅራቢው ሰምቶ በተነሉ ለፋሲሎ ይነግራል፣ አንድ ቀን የመራዊ ትራፊክ ሁሉ በወረታ ሲም ሲያልፍ ታገኘዋለህ።

ባጃጅና ኬብል፦

እታለም ጨርሳዋለች። አንድ ነገር ብቻ፤ ሁለቱ የዋናው ቢሮ ራውተሮች መሀል ኔክስት ሆፕ ሰልፍ (ኔክስት ሆፑን ወደ ራሱ እንዲቀይር የሚያዘው ትእዛዝ) እንዳትረሳ።

እኔ ረስቼ አንድ ሌሊት አድሬበታለሁ። ክረምት ነው፣ ከጣና በኩል መብረቁ ይጮሃል፣ መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ እኔ ራኩ ሥር ተቀምጬ ኮንሶል ላይ ተተክያለሁ። ሩቱ ሁለተኛው ራውተር ላይ ይታያል። አለ! ግን ምርጥ የሚለው ምልክት የለውም፣ ሩቲንግ ቴብል ውስጥም አይገባም። ኬብል ቀየርኩ፣ ሪስታርት አደረግሁ፣ የሶፍትዌር ችግር ነው ብዬ አማሁት። ጠዋት አንድ የፖሊ ልጅ መጥቶ «ኔክስት ሆፑን ፒንግ አድርገው» አለኝ። ኔክስት ሆፑ የአቅራቢው አድራሻ ነው፣ የመጀመሪያው ራውተር ብቻ ነው የሚያውቀው። አይ-ቢጂፒ እንደሰማው አሳልፎታል፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደዚያ መንገዱን አያውቅም። በአንድ መስመር ኮንፊግ ተፈታ። በአንድ መስመር! እንቅልፌን የሚመልስልኝ ግን የለም።

አሮጌው ራውተር፦

ስለ ጊዜውም ላስታውስህ። ሲስኮ ላይ ኪፕአላይቩ («አለሁ» የሚለው መልእክት) በየ60 ሰከንድ ነው፣ ሆልድ ታይሙ (ጎረቤቱ ዝም ሲል ሞቷል እስኪባል የሚጠበቀው) 180። ገመዱ ከራውተርህ ላይ ቢነቀል ወዲያው ያውቃል። የሚቆረጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፣ ቁፋሮ ሲቆፍሩ። ያኔ ያንተ ፖርት ከአቅራቢው ሣጥን ጋር ስለተያያዘ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ራውተሩም 3 ደቂቃ ሙሉ የሞተ መስመር ላይ ይልካል። ሚዛን ፊት 3 ደቂቃ ረጅም ነው። አቅራቢው ቢኤፍዲ (መስመር መሞቱን ቶሎ የሚለይ ፕሮቶኮል) ከፈቀደልህ እሱን አድርግ። ካልፈቀደ ጊዜውን 10 እና 30 አድርገው፤ ሁለቱ ወገን ከሚሉት ሆልድ ታይም ትንሹ ነው የሚጸናው፣ ስለዚህ አንተ ዝቅ ብታደርግ ይበቃል። ከዚያ በታች አትውረድ፣ 4ጂው ትንሽ ባንቀላፋ ቁጥር ሴሽኑ ይወድቅብሃል።

የቅርንጫፉን ራውተር ደግሞ ዩፒኤስ ላይ ሰካው። መብራት በሄደ ቁጥር ራውተሩ አብሮ ከጠፋ ቢጂፒውም ተነሉም ምንም አይፈይዱልህም።

የጣና ዳር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እህቴ እታለም፣ ያንቺን ወረቀት ላይ አትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ለኢንተርኔቱስ? ከሁለቱም ኦፕሬተር ኢንተርኔት አለን፣ እሱንም በቢጂፒ ላድርገው? ሁለተኛ፣ ሕንጻ ሁለት ያለው ሊኑክስ ላይ የተጫነ ኤፍአርአር (ነጻ የራውተር ሶፍትዌር) ነው። ከወረታ ጋር ተነሉ ላይ ኢ-ቢጂፒ አስነሣሁ፣ ሴሽኑ ቆሟል፣ ግን አንድም ሩት የለም። ከሕንጻ አንድ ጋር ያለው አይ-ቢጂፒ ግን ደህና ነው።

እታለም፦

ሰመሪው ላይ የሩት ቁጥር መሆን የነበረበት ቦታ በቅንፍ «ፖሊሲ» የሚል ቃል አለ አይደል? እሱ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 8212 ወጣ፤ ኢ-ቢጂፒ ላይ የመግቢያና የመውጫ ፖሊሲ ካልጻፍክ ሩት አትቀበል፣ አትስጥም ይላል። ኤፍአርአር ይሄን ያከብራል፣ የሲስኮ አይኦኤስ ኤክስአርም እንዲሁ። የቆየው የሲስኮ አይኦኤስ ግን ዝም ብሎ ሁሉንም ይቀበላል፣ ሕንጻ አንድ ላይ ያላየኸው ለዚህ ይሆናል። አይ-ቢጂፒን አይመለከትም፣ እዚያ ቤተሰብ ነህ። የሚያጠፋ ትእዛዝ አለ፣ እንዳትነካው። ያልኩህን ፊልተር ሩት ማፕ (የትኛው ሩት እንደሚያልፍ የሚጻፍበት ፖሊሲ) አድርገህ ሁለቱንም አቅጣጫ ጻፍለት፣ ይከፈታል።

አሮጌው ራውተር፦

ኢንተርኔቱን ተወው። ለዚያ የራስህ ሕጋዊ ኤኤስ ቁጥርና የራስህ አድራሻ ያስፈልግሃል፤ ለአፍሪካ የሚሰጠው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ ነው። አድራሻውም ቢያንስ ስላሽ 24 መሆን አለበት፣ ከዚያ ያነሰ ዓለም ላይ አይሰራጭልህም። ውጭ ሰው የሚያየው ሰርቨር ከሌላችሁ ሁለት ዲፎልት ሩት (ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚኬድበት) እና ናት (የውስጥ አድራሻን ወደ ውጭ አድራሻ የሚቀይር) ይበቃችኋል። ደግሞ በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. የፓኪስታኑ ቴሌኮም ዩቲዩብን አገር ውስጥ ሊዘጋ ብሎ የጻፈው አንድ ሩት ወደ ውጭ ሾልኮ ዩቲዩብ በመላው ዓለም ጠፍቶ ነበር። እነሱ ቴሌኮም ሆነው ነው።

ማታ ፈረቃ፦

የ200 እና የ110ን ነገር እቀበላለሁ። ዛሬ የኛን ሄጄ አየሁት፣ አንዱ ቅርንጫፍ በተነል ነው የሚሄደው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

የጣና ዳር፦

ወረታን ጨረስኩ። ሩት ማፑን ስጽፍ ሩቱ ገባ። የቅርንጫፉን ሎካል ፕሪፈረንስ ረስቼ ነበር፤ እታለም እንዳለችው ፒንግ ይሄዳል፣ ፕሮግራሙ ግን ግማሽ ገጽ ከፍቶ ይቆማል። አሁን ተስተካክሏል። የመጋዘኑ ኃላፊ ከአቅራቢው ሣጥን ወዲያ ያለውን ፋይበር ነቀለልኝ፣ ፒንጉ 30 ሰከንድ ያህል ቆሞ በተነሉ ቀጠለ። መልሶ ሲሰካው ሚዛን ላይ የነበሩት ሰዎች ምንም አላወቁም።

ቅዳሜ ዘጌ ነው። መጋዘኑ ጫካው ውስጥ ስለሆነ 4ጂው ይደክማል፣ የውጭ አንቴና ይዤ በጀልባ ልሄድ ነው።

ባጃጅና ኬብል፦

ኮንሶል ኬብል ያዝ። የዩኤስቢ መቀየሪያውንም። ዘጌ ደርሰህ ብትረሳው የሚሸጥልህ የለም፣ ቡና ብቻ ነው ያለው።